ጣሪያ የሌለው ቤትና እንግዶቹ

ፍርስራሽ የሚለው ቃል በዛሬው የአማርኛ አጠቃቀም ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን ያመለክታል፤ አንደኛው ትናንት የፈረሰ፣ ባለቤቱ የሚያለቅስበት፣ ጎረቤት መንገድ ዘጋብን እያለ የሚያማርርበትና ማዘጋጃ ቤት በአስቸኳይ ይነሣ የሚለው የድንጋይ ክምር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የፈረሰ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያየውና አንዲት ጠጠር ከቦታዋ ያነሣ የሚከሰስበት የድንጋይ ክምር ነው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ ልዩነቱ በመካከሉ ስንት ትውልድ ሞቶ ተቀበረ የሚለው ብቻ ነው። የሚያዝን ሰው ሲያልቅ የሚያደንቅ ሰው ይጀምራልና፣ ጎብኚ ማለት ወደ ለቅሶ ቤት እጅግ ዘግይቶ የደረሰ፣ ከመዘግየቱም የተነሣ ማንን እንደሚያጽናና የጠፋበት እንግዳ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከዚህ ከሁለተኛው ወገን በኢትዮጵያ ምድር በአንጋፋነታቸው ከሚታወቁት አንዱ በትግራይ፣ ከአድዋ ወደ አዲግራት ከሚወስደው ጎዳና ገባ ብሎ በይሐ መንደር የሚገኘው ታላቁ ቤተ መቅደስ ነው። ቤተ መቅደስ ሲባል እዚህ ላይ ከክርስትና በፊት የነበረ የአምልኮ ቤት ማለት ሲሆን፣ የተሠራውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት፣ ማለትም የአክሱም መንግሥት ገና ሳይታሰብ እንደሆነ ይታመናል። ርዝመቱ 18 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 15 ሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳውም ከፍ በሚልበት በኩል ወደ 14 ሜትር ይደርሳል። የጎብኚው ችግር የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ ፍርስራሽ ለማየት ከአክሱም ማልዶ የተነሣው፣ በመኪና ሲንገጫገጭ የቆየውና ፊቱን ለትካዜ አዘጋጅቶ የመጣው ሰው የሚያገኘው ከጣሪያውና ከውስጥ ምሰሶዎቹ በቀር አብዛኛው ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመ ቤት ነው። ቁልፍ በተረከበ በዓመቱ ግድግዳው የተሰነጠቀበት፣ ስንጥቁንም በቀን መቁጠሪያ ሸፍኖ የሚኖር የከተማ ሰው ከዚህ ግንብ ፊት ሲቆም ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፤ አስጎብኚዎች ይህን ዝምታ የታሪክ ፍቅር አድርገው ቢተረጉሙትም፣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የራሱ ቤት ኮንትራክተር ነው።

ግንቡ የቆመው ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራና ያለ ሲሚንቶ ነው። ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን አሠራር ደረቅ ግንብ ይሉታል፤ ገበሬው ደግሞ በእርሻው ዳር ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረበ የሚሠራውን ካብ ይለዋል፤ በመርሕ ደረጃ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ነገር ግን በይሐ እያንዳንዱ ድንጋይ በአራት ማዕዘን ተጠርቦና ፊቱ ተስተካክሎ ከጎረቤቱ ጋር ስለተገጣጠመ፣ በመካከላቸው ምላጭ አያስገባም የሚል ዝና ወጥቶለታል። ዝናው ለግንቡ ክብር ቢሆንም ለግንቡ ዕረፍት አልሆነም፤ ምላጭ አያስገባም የተባለ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ምላጭ ባይዝም አንድ ነገር ሳይሞክር የማይሄድ ፍጥረት ነውና። ተማሪው ጥፍሩን፣ መምህሩ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የመንግሥት ሠራተኛው መታወቂያውን፣ ነጋዴው አዲስ የብር ኖት አውጥቶ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ ይሞክራል፤ ባለመግባቱም የራሱ አያት እንደገነባው ያህል ይደሰታል። አልፎ አልፎ ዘመን የበላው ማዕዘን ላይ መታወቂያው ገባ ያለለት ሰው ግን ግኝቱን ለማንም ሳይናገር፣ በተለይም ለአስጎብኚው ሳያሳይ፣ ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ይመልሰዋል። ይህም ጎብኚዎች በጠባያቸው ከሚወቀሱት በላይ ጨዋዎች መሆናቸውን ያሳያል።

ቤቱ የማን ነበር ለሚለው ጥያቄ መልሱ አልመቃህ ነው። አልመቃህ ከቀይ ባሕር ማዶ በዛሬዋ የመን የነበረው የሳባ መንግሥት ዋና አምላክ ሲሆን፣ በማሪብና በሲርዋሕ ታላላቅ ቤተ መቅደሶች ነበሩት፤ የቀደሙት ሊቃውንት የጨረቃ አምላክ ነው ሲሉ፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ይህን ተጠራጥረው ከፀሐይ ጋር የሚያያይዙት ምልክቶች አሉ ብለዋል። ኮርማና ዋልያ መሰሉ ባለ ረጅም ቀንድ የተራራ ፍየል ከምልክቶቹ መካከል እንደሆኑ ይነገራል። ክርክሩ ለሊቃውንቱ የዕድሜ ልክ እንጀራ ቢሆንም፣ ለአስጎብኚው ግን ራስ ምታት ነው፤ ጠዋት ለመጣው ቡድን ጨረቃ ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ ለመጣው ፀሐይ ያለ እንደሆነ ሁለቱ ቡድኖች ማታ አክሱም ላይ በአንድ ምግብ ቤት ሊገናኙ ይችላሉና።

ከአምላኩ ማንነት የሚብሰው የስሙ አጠራር ነው። የሳባ ጽሕፈት 29 ፊደላት ያሉት ሆኖ የሚጽፈው ተነባቢዎችን ብቻ ነው፤ ተነባቢ ማለት አናባቢ፣ ማለትም የካዕብ፣ የሣልስ፣ የራብዕና የሌላው ድምፅ ሳይጨመርበት የሚቀር የፊደሉ አጥንት ነው። በዚህም ምክንያት በዚያ ዘመን በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍልና በኤርትራ ደጋ የነበረው መንግሥት ስም በድንጋይ ላይ ተጽፎ የተገኘው አጥንቱ ብቻ ነው፤ ደ፣ ዐ፣ መ፣ ተ። ነገሥታቱ የመንግሥታቸውን ስም እንዴት ይጠሩ እንደነበር የሚያውቅ ሰው በሕይወት ስለሌለ ሊቃውንት ዳዕማት የሚለውን አጠራር ለመግባቢያ ያህል ተስማምተውበታል። ጎብኚው ግን ስምምነት መሆኑን አያውቅም፤ ዳማት፣ ዳአማት፣ ድመት የሚሉ ሁሉ አሉ፤ የመጨረሻውን ያለው ተማሪ ከጓደኞቹ ሳቅ ቢተርፍም ከመምህሩ ግልምጫ አይተርፍም። በፍትሕ ከታየ ግን ተማሪው ከሊቃውንቱ የሚለየው በአናባቢ ምርጫ ብቻ ነው። የይሐ ስም ግን ከዚህ ውዥንብር በመጠኑ ተርፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ በተባለ ቦታ ሌላ የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ሲገኝ፣ በመሠዊያው ላይ በተቀረጸው ጽሑፍ ውስጥ የይሐ ስም ተጽፎ ተነብቧል። አንዲት መንደር ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ስሟን ሳትቀይር መኖሯ፣ መንገዶቿና አደባባዮቿ በየዘመነ መንግሥቱ ስም ለሚለዋወጡላት አገር ጥቂት የሚያስገርም ነገር ነው።

ጽሕፈቱ ራሱ ለሐበሻ ጎብኚ የተለየ ፈተና አለው። የውጭ አገር ሰው የሳባን ጽሑፍ ሲያይ እንደማይችለው አውቆ በሰላም ያልፋል፤ ፊደል የቆጠረ ኢትዮጵያዊ ግን ለ የሚመስል፣ በ የሚመስል፣ ከዘንግ ላይ ክብ የተሰካበት የ የሚመስል ፊደል ስለሚያይ፣ እያነበብኩ ነው ወደሚል እምነት ይገባል። እምነቱ ከነጭራሹ መሠረት የለሽ አይደለም፤ የግዕዝ ፊደል የዚሁ የደቡብ ዓረብ ጽሕፈት ዝርያ ነውና፣ ጎብኚው የሚያየው የፊደሉን ቅድመ አያቶች ነው። ነገር ግን ቅድመ አያትን በመልክ መለየት አንድ ነገር ሲሆን ማነጋገር ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ ጽሕፈቱ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ሲሆን፣ በጥንታዊዎቹ ጽሑፎች ደግሞ አንዱ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ሄዶ የሚቀጥለው ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ ይህም በሬ እርሻ ሲያርስ ትልሙ ጫፍ ደርሶ እንደሚዞረው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ አባት ለልጃቸው ጮክ ብለው ሦስት ፊደል ካነበቡ በኋላ ከግራ እንደጀመሩ ሲነገራቸው፣ ከዚያው ሳይነሡ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ይጀምራሉ፤ ጥፋቱ የመነጽሩ ይሆናል።

ስለ ዕድሜ ጉዳይም አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በ7ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ቤት ዛሬ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ፣ ቢበዛ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ይሆነዋል፤ በጎብኚዎች አንደበት ግን ከሦስት ሺህ ወርዶ አያውቅም። ገበያ ላይ እህል የሰፈረች ሴት ከጣሳው በላይ እፍኝ ጨምራ እንደምትመርቀው ሁሉ፣ የታሪክ ወዳጅም ከቁጥሩ በላይ ሦስት መቶ ዓመት ምርቃት ይጨምራል፤ ሻጩም ገዢውም ደስ ስለሚላቸው የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ማን ሠራው በሚለው ላይ ነው። የቀድሞዎቹ የአውሮፓ ሊቃውንት ቤቱን ከሳባ ምድር ተሻግረው የመጡ ሰፋሪዎች እንደሠሩት ጽፈው የነበረ ሲሆን፣ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ግን ከማዶ የመጡት ሰዎች ጥቂት እንደነበሩና መንግሥቱም ባህሉም የአገሬው ሰው ከመጤው ጋር ተዋሕዶ ያቆመው እንደሆነ ወደ መቀበል አዘንብለዋል። ይህ ሚዛናዊ አነጋገር ግን ለጉብኝት አይመችም። በአንድ መኪና የመጡ፣ በአንድ ትሪ ቁርስ የበሉ ሁለት ወዳጆች፣ አንዱ ሳባውያን መጥተው ሠሩት፣ ሌላው ሳባውያንም ከዚህ ነው የሄዱት እያሉ ከግንቡ ጥላ ሥር ይጋጠማሉ፤ ድንጋዩን የጠረበው ሰው ግን ከየትም ይምጣ ከየት፣ በዚያ ቀን ያሰበው ምናልባት የጀርባውን ሕመም ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄው ማን ሠራው ከሚለው ይልቅ ማን ጠበቀው ቢሆን መልሱ ይቀል ነበር፤ በሩ ላይ ተቀምጧልና። በ6ኛው መቶ ዓመት ግድም፣ ከውጭ መጥተው በአክሱም ዘመን ክርስትናን ካስፋፉት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አቡነ አፍጼ በይሐ ገዳማቸውን እንደመሠረቱ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል፤ የአልመቃህ ቤትም ወደ ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ። ባዶውን የቀረ ቤት ድንጋዩን ለበረት፣ ለምድጃና ለአጥር የሚፈልግ ጎረቤት አያጣም፤ ጸሎት የሚደረስበትን ቤት ድንጋይ ግን ሌባም ቢሆን ለመንካት ይፈራል። ስለዚህ አልመቃህን ከቤቱ ያስወጣው ሃይማኖት ቤቱን ለአልመቃህ ጠብቆ ያቆየለት ሆነ፤ ተከራይ ባለቤቱን አባርሮ ቤቱን ሲያድስ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱም በኋላ ከግንቡ ጎን ለብቻዋ ስትሠራ፣ ባለ ረጅም ቀንድ ፍየሎች የተቀረጹባቸው የጥንቱ ቤት ድንጋዮች በግድግዳዋ ውስጥ ገብተው ተገንብተዋል። ፍየሎቹ ለሌላ አምላክ ተቀርጸው የቆሙ ቢሆኑም፣ ዛሬ ቅዳሴውን ከማንም ምእመን በላይ በትዕግሥት ቆመው ያስቀድሳሉ።

ጎብኚ ራሱን የመጀመሪያው ሰው አድርጎ ማሰብ ይወዳል፤ በይሐ ግን ወረፋው ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል ልዑካን ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ግንቡን አይቶ አድንቆ ጽፎታል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ በ1893 ደግሞ ቴዎዶር ቤንት መጥተዋል፤ በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን የአክሱም ጉዞ ግንቡን ለክቶ በሥዕል አስፍሮታል። ከእ.ኤ.አ. 2009 ወዲህ የጀርመን አርኪዮሎጂ ተቋም ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር በቦታው እየቆፈረና እየጠገነ ቆይቷል፤ በጥገናውም ሊያዘነብል የቃጣው ክፍል በብረት ተደግፏል። ብረቱን ጎብኚ አይወደውም፤ ፎቶ ያበላሽብናል ይላል፤ ከ2600 ዓመት በላይ ቆሞ የኖረ አዛውንት ምርኩዝ ያዘ ተብሎ ግን አይወቀስም። አርኪዮሎጂስትንና ጎብኚን ከሩቅ መለየት ለፈለገ ሰው አንድ ቀላል ምልክት አለ፤ ጎብኚ ሽቅብ፣ አርኪዮሎጂስት ቁልቁል ያያል። ጎብኚ አፉን ከፍቶ ግድግዳውን ሲመለከት፣ ከእግሩ ሥር በብሩሽ አፈር የሚጠርገው ሰው አንድ የሸክላ ስባሪ አግኝቶ ከግድግዳው ሁሉ ይበልጥ ሲደሰት ይታያል፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ይተዛዘናሉ።

ፍርስራሽ ለማየት ለመጣ ሰው የሚመጥነው ቦታ የሚገኘው ከቤተ መቅደሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ግራት በዓል ገብሪ በተባለው ስፍራ ነው። ግራት በትግርኛ እርሻ ማለት ነው፤ ስፍራውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ግድም ከድንጋይና ከእንጨት ተሠርቶ በኋላ በእሳት የወደመ ታላቅ የቤተ መንግሥት ዓይነት ሕንፃ ነው። ከደጃፉ ግዙፋን ባለ አራት ማዕዘን ምሰሶዎች ቀርተዋል፤ የቀረው መሠረት፣ ዐመድና ጉድጓድ ነው። እዚህ ሁሉም ነገር እንደ ምኞቱ ፈርሷል፤ መንግሥት የኖረበት፣ እሳት የበላው፣ ሣር የወረሰው ቤት ከዚህ በላይ ምን ይሁን? ጎብኚው ግን ከሦስት ደቂቃ በላይ አይቆምበትም፤ የሚደገፉት ግድግዳ፣ የሚለኩት ከፍታ፣ መታወቂያ የሚሞክሩበት መጋጠሚያ የለምና። ፍርስራሽ ሊያይ መጥቶ ፍርስራሹን ትቶ ወደ ቆመው ቤት ይመለሳል።

ወደ ቆመው ቤት የሚመለሰውም በአብዛኛው ለፎቶ ነው። በዚህ ረገድ ከጥንቶቹ ሰዎች የሚለየው በመሣሪያ ብቻ እንደሆነ ከሳባ ጽሑፎች መረዳት ይቻላል፤ ለአልመቃህ የተሰጡ ብዙዎቹ ጽሑፎች ትምህርት ወይም ጥበብ የተጻፈባቸው ሳይሆኑ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ ይህን ለአልመቃህ አቀረበ የሚሉ ናቸው። ማለትም ስም፣ ዘር፣ ቦታና ዋናው ቁም ነገር፣ መጥቼ ነበር። ዛሬ ግንቡን ከበስተጀርባው አድርጎ፣ ስልኩን አንድ ክንድ አርቆ፣ ስሙንና ቀኑን ጨምሮ ለወዳጅ ዘመድ የሚልከው ሰው ይህንኑ አንቀጽ በአናባቢ ይጽፈዋል። የጥንቱ ግን ለመጻፍ ጠራቢ መቅጠር ስላለበት ቃላቱን ይመጥን ነበር፤ ይህ ከሥልጣኔ ጋር ከጠፉት በጎ ነገሮች አንዱ ነው።

በአልመቃህ፣ በቤተ ክርስቲያንና በጎብኚ ዘመን ሁሉ ሥራውን ያልቀየረው ዕጣን ብቻ ነው። ለአልመቃህ ይጤስ እንደነበር ከጽሑፍና ከቅርጽ ጋር የተገኙት የዕጣን መሠዊያዎች ይመሰክራሉ፤ ዛሬም ከግንቡ ጎን በአቡነ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን በጽና ይታጠናል፤ ጎብኚውም ደክሞት በመንደሩ አንድ ጥላ ሥር ሲቀመጥ፣ ከጀበናው አጠገብ በትንሽ ገል ላይ ይጤስለታል። ቡናውን እስኪጨርስ ድረስ የሚጠብቀው ነገር አለና መቸኮል አያስፈልገውም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍትና መስቀሎች ለማየት ቁልፍ የያዙት ቄስ መገኘት አለባቸው፤ ቁልፍ የያዙ ቄስ ደግሞ በትግራይ አድባራት ሁሉ የታወቀ ጠባይ ስላላቸው፣ እንግዳ ሲመጣ ወይ እርሻ ላይ፣ ወይ ተዝካር ላይ ናቸው። ልጆች ሮጠው፣ አቦይ ቀሺ፣ ማለትም አባ ቄስ፣ እያሉ ይጠሯቸዋል፤ እርሳቸውም ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ለማንም ሳይቸኩሉ፣ የቁልፉን ማሰሪያ ከመቀነታቸው እየፈቱ ይደርሳሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎብኚዎች ይወጣሉ፤ የቅጥሩ በርም ይዘጋል። በዚህ ጊዜ፣ አባ፣ ጣሪያ የሌለው ቤት ምን ይሰረቃል ተብሎ ይዘጋል፣ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጎብኚ ከየቡድኑ አይጠፋም፤ ሽቅብ ሰማዩን አሳይቶ በራሱ ቀልድ ይስቃል። ቄሱ ጥያቄውን ብዙ ጊዜ ስለሰሙት አይስቁም፤ መዝጊያውን በትከሻቸው ገፋ እያደረጉ፣ ልጄ፣ ለሌባ አይደለም፣ ይላሉ፤ ክፍት ከተተወ ኮርማው ገብቶ ያድርበታል።